የእሱ እጅ የሌለበት ዘፈን

አራት ነበርን። እኔ ጊታር እመታለሁ፤ ዘፈኖቹንም የምሠራው እኔ ነበርኩ። የቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን አባት ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ የምንለማመደውም እነሱ ግቢ፣ ድሮ ዶሮ ይረባበት በነበረ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ድምፃዊያችን ከጦር ኃይሎች በእግሩ እየመጣ የሚለማመድ፣ በቆመ መኪና መስታወት ሁሉ ፊቱን ሳያይ የማያልፍ ቀጭን ልጅ ነበር። አራተኛው ድራም መቺው ነው። እሱ የአጥር ጎረቤቴ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ኩፍኝ እንኳን በአንድ ሳምንት ነው የያዘን።

ስለ ባንዱ የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አልፎ አልፎ ይገጥመኛል። "ለምን ተበተናችሁ?" ይለኛል። "እንዲሁ ነው፣ ኑሮ" ብዬ አልፋለሁ። ኑሮ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

የሁለታችንም ቤተሰብ ጴንጤ ነው። የአንድ ቤተክርስቲያን ልጆች ነን፤ እሱ ድራም የለመደው እዚያ ነው። ማንም አላስተማረውም። መዘምራኑ ሲለማመዱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይደበድብ ነበር። አንድ እሁድ ድራም የሚመታው ወንድም ታሞ ቀረና "አንተ፣ ና እስቲ" ተባለ። እግሩ ፔዳሉ ላይ በደንብ አይደርስም ነበር። ከዚያ እሁድ በኋላ ግን ወንበሩን ለማንም አልለቀቀም። እናቱ የጸሎት ቡድን አባል ናቸው፤ ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡና ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያመልክ እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን ያዩ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። አባቱን አያስታውሳቸውም።

ባንዱን ስንጀምር ሃያ ዓመት አልሞላንም። ሰፈሩ ውስጥ ባንድ ሲባል ኪቦርድና ሳክስፎን፣ ረጋ ያለ ነገር ነበር። እኛ የፈለግነው ሌላ ነው። ጊታሩ እንዲጮህ፣ ዜማው ግን ልጅ እንኳን አንዴ ሰምቶ የሚይዘው እንዲሆን፣ አዝማቹ ሲደርስ አራታችንም አብረን እንድንዘፍን፣ ዘፈኑም ሰው ሳይጠግበው በሦስት ደቂቃ እንዲያልቅ። የሰርቪስ ቤቱን ግድግዳ በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ስፖንጅ ሸፈንነው። ድራሙ ቤተክርስቲያናችን አዲስ ሲገዛ የጣለው ነው። ሲምባሉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነበር።

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰሙና ሁለታችንን ጠሩን። ዓለማዊ ዘፈንና የጌታ አገልግሎት አብረው አይሄዱም፣ ምረጡ አሉን። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። እኔ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር። እሱ ግን ቤቱ ሲደርስ አልቅሷል። እናቱ ሳምንት ሙሉ አላነጋገሩትም። በስምንተኛው ቀን ምሳ እያቀረቡለት፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ "ከጌታ ቤት ወጣህ እንጂ ከእኔ ቤት አልወጣህም። ብላ" አሉት።

የእሱን የድራም አመታት መግለጽ አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። አዝማቹ ሊገባ ሲል ይቸኩላል። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ቁልቁለት ላይ እንዳለ ሰው እግሩ ይፈጥናል፤ እኛም ሳንወድ ተከትለነው እንወርዳለን፤ አዝማቹ ሲያልቅ መልሶ ይረጋል። ቤዝ ተጫዋቹ በልምምድ መሃል "ቀስ በል! ቀስ በል!" እያለ ይጮህበት ነበር። እሱ ይስቃል። "እኔ አይደለሁም፤ ዘፈኑ ነው የሚሮጠው" ይል ነበር።

ሰው የወደደንም በዚያ ነው፤ ያኔ ግን አልገባኝም። አስራ ስምንት ማዞሪያ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት አንድ ቡና ቤት ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንድንጫወት ፈቀዱልን። መጀመሪያ የመጡት አስራ ምናምን ሰዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ የቤዝ ተጫዋቹ ዘመዶች። በሁለተኛው ወር ሰው ውጭ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር፤ ረዳቶቹ ተሳፋሪ መጥራት ትተው በር ላይ ይደገፋሉ። "ደረስኩ" የሚል ዘፈን ነበረን። ከቤቱ ገና ሳይወጣ በስልክ "ደረስኩ፣ ደረስኩ" ስለሚል ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ እሱን እየተጫወትን መብራት ጠፋ። ጊታሬ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ ማይኩም ሞተ። ድራሙ ብቻ ቀጠለ። አላቆመም፤ ጭራሽ ፈጠነ። ሰዉ አዝማቹን ተቀበለውና ቡና ቤቱ በሙሉ፣ ውጭ የቆሙትም ጭምር፣ ያለ ማይክ ዘፈኑ። ድምፃዊያችን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እጁን ያወዛውዛል። እኔ የሞተ ጊታር አንግቼ ቆሜ ጓደኛዬን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ከሰዓት አላሳለፍኩም።

ያን ዕለት ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ አቀናባሪ ነበር። በሳምንቱ ስልክ ደወለና "ደረስኩ"ን እኔ ጋ እንቅዳው አለን።

ስቱዲዮው ንጹሕ ነበር፤ ምንጣፍ አለው፣ ጫማ አውልቁ ተባልን። ጓደኛዬ ካልሲው ተቀዶ ስለነበር አውራ ጣቱን ሲደብቅ ትዝ ይለኛል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አደረጉለትና ልክ የሚጠብቅ "ቂጭ፣ ቂጭ" የሚል ድምፅ ለቀቁበት። በእሱ ላይ ምታ ተባለ። መታ። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ቀደመው። "እንደገና" ተባለ። እንደገና ቀደመው። ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ይሄው ነበር። ፈጠነ፣ ደነገጠ፣ ዘገየ። ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ በዓይኑ ይፈልገኝ ነበር። አውራ ጣቴን አሳየዋለሁ። በመጨረሻ አቀናባሪው "ጥሩ ነው፣ በቃ ይዘነዋል" አለው። ጓደኛዬ ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ግን ደስ ብሎታል። "አለቀ አይደል? ተቀዳ አይደል?" ይለኛል። ወደ እናቱ ቶሎ ለመሄድ ቸኩሎ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ አቀናባሪው ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን አይረጋም። ይሄ ለቡና ቤት ይሆናል እንጂ ለሬዲዮ አይሆንም። ድራሙን በማሽን ልሥራው። ማንም አያውቅም።"

"እሱስ?"

"እሱም ላያውቅ ይችላል" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እሺ አልኩ። ብዙ አስቤ ነበር ብል እዋሻለሁ። ዘፈኑ የኔ ነበር፤ በሬዲዮ ልሰማው ፈልጌ ነበር፤ እሺ አልኩ። ለሁለቱ ስነግራቸው ድምፃዊው "አቦ፣ ዋናው ዘፈኑ ነው" አለ። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ፊቱ ተለወጠ። "ለእሱ ንገረው። ዛሬውኑ ንገረው" አለኝ። "እኔ እነግረዋለሁ፣ እናንተ ዝም በሉ" አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም አልነገርኩትም።

ሁለት ወር አለፈ። በየቀኑ ነው የምንገናኘው። በእነዚያ ሁለት ወሮች ሰፈሩን በሙሉ አዳረሰው፦ ፀጉር ቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ የድሮ አስተማሪያችንን። "ድራሙን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሲወጣ ትሰማላችሁ" ይላቸው ነበር። ለእናቱም ነግሯቸዋል። አንድ ቀን በአጥሩ ክፍተት ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ዘፈን አልሰማም፣ ታውቃለህ፤ ግን የእሱ እጅ ስላለበት አንዴ እሰማዋለሁ። ጌታም ይረዳኛል" አሉኝ። እሺ እማማ አልኳቸው። ያኔ እንኳን ልነግረው እችል ነበር። ጊዜ ሞልቶኝ ነበር።

ዘፈኑ በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከጦር ኃይሎች ወደ ሰፈር በሚኒባስ እየተመለስን ነው። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ ጊታሬ መጣ። የኔ ጊታር። ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነስቶ ጣሪያው ጭንቅላቱን መታው። "ወንድሜ! ሾፌር! ጨምርልኝ በናትህ፤ ድራሙ እኔ ነኝ!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዲት ሴትዮ "እውነትህን ነው?" ብላ ዞረች። ረዳቱ "ጨምርለት፣ ጨምርለት" አለ። ሾፌሩ ጨመረ።

ጓደኛዬ ከፊቱ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ በጣቶቹ አብሮ ይመታ ጀመር። ሰው ሁሉ ያየዋል። ዘፈኑ ወደ አዝማቹ ሄደ። ጣቶቹ ፈጠኑ፤ ዘፈኑ አልፈጠነም። ጣቶቹ ቀድመው ሄዱና ብቻቸውን ቀሩ። ቆም አለ። ስህተቱ የእሱ የመሰለው ይመስለኛል፤ ሁለተኛውን አዝማች ጠብቆ እንደገና ሞከረ። እንደገና ጣቶቹ ቀደሙ። ከዚያ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወደ እኔ አልዞረም። ሴትዮዋ ፈገግ እንዳለች ነበረች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀምጦ ሰማው፤ ሲያልቅ ሰዎቹ አጨበጨቡለት። አጨበጨቡለት! እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናቸው። ከዚያ "ወራጅ አለ" አለ፤ ሰፈራችን ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር።

ተከትዬው አልወረድኩም።

በማግስቱ ጠዋት በራቸው ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ያ እኔ አይደለሁም" አለኝ።

"አዎ።"

"ማነው?"

"ማሽን ነው። አቀናባሪው ነው የሠራው።"

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ከዚያው ቀን ጀምሮ። ልነግርህ ነበር።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲመታኝም ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ወደ ግቢው ዞር ብሎ ድምፁን ቀነሰ። "ለእማዬ ነግሬያታለሁ እኮ። ትናንት ከጎረቤት ሬዲዮ አስመጥታ ሰምታዋለች" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ገብቶ በሩን ዘጋው። የድራም መምቻ ስቲኮቹን የዚያኑ ቀን ለቤዝ ተጫዋቹ እህት ሰጥቶ እንደሄደ በኋላ ሰማሁ።

ሌላ ድራም መቺ ፈለግን፤ አገኘን። ዘፈኑ የሚሄድበት አይታወቅም፣ ይሄዳል። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች አፍ ላይ፤ አዳማና ሐዋሳ ተጋበዝን። ስማችን የተጻፈበት ሸራ ጦር ኃይሎች አደባባይ አካባቢ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ነገር ግን የቅዳሜው ነገር አልተመለሰም። አዲሱ ልጅ እንደ ሰዓት ነው የሚመታው፤ እኛም እንደ ሰዓት ሆንን። የሠራሁት ቀጣይ አልበም ገና ሲወጣ ሞተ። በየመድረኩ ሰዉ "ደረስኩ"ን እስክንጫወት ይጠብቃል፤ ስንጨርስ ይወጣል። በመጨረሻም አንድ የዝግጅት አስተባባሪ ድምፃዊያችንን ለብቻው ጠርቶ "ከድምፅህ በቀር ሁሉም ነገር ፍላሽ ውስጥ አለ፤ አራት ሆናችሁ ለምን ትመጣላችሁ?" አለው። ድምፃዊው እውነቱን ነገረን፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። "ምን ልበለው?" አለን። ያንኑ ቃል እኔ ራሴ ኮሪደር ላይ እሺ ያልኩት አይደል? ተበተንን፤ ሰርቪስ ቤቱንም ለቀቅን። የቤዝ ተጫዋቹ አባት ቀለም ማከማቻ አደረጉት።

አራታችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና የተገናኘነው ቤዝ ተጫዋቹ ሲያገባ ነው። ያኔ ጓደኛዬ ዘነበወርቅ መውረጃ ላይ በርና መስኮት የሚበየድበት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤተክርስቲያን ተመልሷል፤ ድራም ግን እዚያም አልነካም። ሽማግሌዎቹ ጠይቀውት "እጄ ረስቷል" ብሏቸዋል አሉ። ሙሽራው ግን ሁለት ጊዜ ወርክሾፑ ድረስ ሄዶ ለመነውና መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከጥፍሮቹ ሥር የብረት ጥቁረት አለ። ሰላም ተባባልን፤ በትከሻ። ሰዉ "ደረስኩ! ደረስኩ!" እያለ ጮኸ።

እሱ ከኋላዬ የሠርጉ ባንድ ድራም ላይ ተቀመጠ፣ ቆጠረ፣ ጀመርን። የመጀመሪያው አዝማች ሊገባ ሲል ሰውነቴ ራሱ ተዘጋጀ፤ ቁልቁለቱን ጠበቀ። አልመጣም። ልክ እንደ ሬዲዮው መታው። አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ፤ ማሽኑ የሚመታቸውን ምቶች በሙሉ ተራ በተራ አስቀመጣቸው። በቃሉ አጥንቶታል። ሙሽሪትና ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ሰው በቪዲዮ ይቀርጻል፤ ማንም ምንም አላወቀም። ቤዝ ተጫዋቹን አየሁት፤ በሠርጉ ቀን ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል። ሲያልቅ ጓደኛዬ ስቲኮቹን አጋድሞ አስቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ረጋሁ?" አለኝ።

ከዚያ ሄዶ ሙሽሮቹን ስሞ ወጣ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተገናኘነው ለበዓል በተቀረጸ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ነው። የድሮ ዘፈኖችን እያነሱ ባለቤቶቹን ይጋብዙ ነበር። እኛን "የድሮ" ሲሉን አዘንኩ፤ ግን እሺ አልን። ጓደኛዬ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። እናቱ በጣም ታመው ነበርና "በቴሌቪዥን ልይህ" ብለውት ነው። ስንደርስ ሲምባሎቹና ከበሮዎቹ ላይ ድምፅ እንዳያወጡ ጎማ ተለጥፎባቸዋል። የተቀዳውን ዘፈን ይለቁታል፤ እኛ የምንጫወት እንመስላለን። እሱ ጎማውን በጣቱ ተጫነው፣ ወደ ቀረጻው አስተባባሪ ዞረና "ልክ ነው፣ ይሻላል" አላት። የማሽኑን ድምፅ ለቀቁ፤ ጓደኛዬ በጎማ ላይ መታ። ፈገግ በሉ እንደተባለው ፈገግ አለ።

በበዓሉ ዕለት እማማን ሰላም ልላቸው ገባሁ። ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እሱ በሩ ጋ ቆሟል።

"አየኸው አይደል? የልጄን እጅ አየህ?" አሉኝ።

"አየሁ እማማ።"

"ያኔ ተቀይሜ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ። እንዲህ ያማረ ነገር ሰጥቶት እኔ ልከለክለው ነበር።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረው "አሳምረሃል የኔ ልጅ" አሉት።

"እሺ እማዬ" አለ። እኔን አላየኝም። በዚያች ክፍል ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ የጸሎት ቡድኑ እናቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ዘፈን አትሰማም ነበር፤ ያንን አንዱን ግን ትሰማው ነበር። ልጄ ነው የመታው ትለን ነበር" ይላሉ። ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ ጓደኛዬ መጣ፤ ሰው ለመሸኘት ወጥቶ ነው። እሱ ነው የጀመረው።

"ልጅ ሆኜ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰምታኛለች" አለ። "ትልቅ ሆኜ ግን አንድም ቀን አልሰማችኝም።"

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ያዳነኝም መስሎኝ ነበር። ዘፈኑን እንደገና እንቅዳው። በእሱ እጅ፣ እንደ ቡና ቤቱ፣ ያለ ምንም ማሽን። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነገርኩት። እምቢ አለ። በየጊዜው እየሄድኩ ነገርኩት። ከወራት በኋላ ራሱ ደወለና "ይሁን፣ እንምታው" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ እኔ ግን ለሁለታችን የሚበቃ ነበረኝ። ድምፃዊው አሁን በሆቴሎች የሚዘፍን ወፍራም ሰው ሆኗል፤ ሥራውን ሰርዞ መጣ። ቤዝ ተጫዋቹ የአባቱን ሱቅ ዘግቶ መጣ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ ተከራየን። ማዳመጫ የለም፣ "ቂጭ ቂጭ" የለም፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራታችን፣ ፊት ለፊት።

ጀመርን። አዝማቹ መጣ። ረግቶ አለፈው።

"በናትህ ልቀቀው" አልኩት። "እንደ ድሮው ቸኩል።"

"እሺ" አለ። እንደገና ጀመርን። እንደገና ረግቶ አለፈው። በሦስተኛው ፈጠነ፤ ግን እንደታዘዘ ሰው ነው የፈጠነው፤ ተደናበርን፣ ተቋረጠ። በአራተኛው፣ በአምስተኛው... ድምፃዊው "ወንድሜ፣ አስራ ስምንት፣ መብራት የጠፋ ቀን!" እያለ እየሳቀ ሊያበረታታው ሞከረ። እኔ ጊታሬን አስቀምጬ ጠረጴዛ ላይ በእጄ መታሁለት፦ "እንዲህ ነበር፣ እዚህ ጋ እንዲህ ትሄድ ነበር።" እጄን በትኩረት አየው። ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ሲያይ እንዲህ ነበር የሚያየው። ሞከረው። የእኔን አመታት መታው፤ የእሱ አልነበረም።

ስቲኮቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አላስታውሰውም" አለ። ንዴት የለበትም። "ስንት ዓመት በየታክሲው ያንን ስሰማ ኖርኩ። ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ ጎረቤት። እማዬም ታስከፍተው ነበር። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። የእኔ እንዴት እንደነበር አላውቅም።"

ማናችንም የተቀዳ ነገር አልነበረንም። የቡና ቤቱን አንድ ልጅ በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ ያ ስልክ የት እንዳለ ማን ያውቃል። ልምምድ የቀዳሁበት ካሴትም ነበረኝ፤ በላዩ ላይ ሌላ ዘፈን ቀድቼበታለሁ። እኔ ራሴ።

የመጨረሻውን ቅጂ ይዘን ወጣን፤ ዩቲዩብ ላይም ጫንነው። ጥቂት ሰው አየው። ከሥሩ የጻፉት ጨዋዎች ነበሩ፤ "እንኳን ተመለሳችሁ፣ ግን የድሮው ይሻላል"፣ "የድሮው ድራም የት ሄደ?" ብለዋል። ጓደኛዬ አንብቦታል። እንዳነበበው የማውቀው የልብ ምልክት ስላስቀመጠበት ነው።

ከዚያ ወዲህ አራታችን አንድ ላይ አልሆንንም። ቤዝ ተጫዋቹ አልፎ አልፎ "አንድ ቀን እንሰብሰብ" ብሎ ይጽፋል፤ ሁላችንም "በደስታ" ብለን እንመልሳለን፤ ቀን የሚቆርጥ የለም። ዘፈን መሥራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጊታሩን ስነካ እጄ ወደ አዝማቹ ይሄድና ከኋላዬ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ ባዶ ነው፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሚስቴ "ሽጠው ወይም ተጫወትበት" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ባለፈው ክረምት ወርክሾፑ ሄድኩ። ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ይገርመው ይሆናል፤ እኔንም ይገርመኛል። በዚያ ሁሉ ዓመት "ልነግርህ ነበር" ከማለት በቀር ምንም አላልኩትም። ዝናብ ያካፋል፤ ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብሎ የመስኮት ፍርግርግ ይለካል። ፀጉሩ ከፊቱ ሸብቷል። አጠገቡ ያለ ብረት ላይ ተቀመጥኩ፤ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

ሜትሩን አጠፈው።

"ይቅር ካልኩህ ቆየሁ እኮ" አለ። "ቤተክርስቲያን የተመለስኩ ሰሞን ነው። ለፓስተሩም ነግሬያቸዋለሁ፣ አብረን ጸልየንበታል። አንተ ግን ስላልጠየቅከኝ አልነገርኩህም።"

"እሺ" አልኩ። የሚሰማኝን ጠበቅኩ። ይቀልለኛል ብዬ ስንት ዓመት አስቤዋለሁ። ምንም አልቀለለኝም። የሰጠኝ እውነተኛ ይቅርታ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሰውየው አይዋሽም። ነገር ግን ይቅርታው ያንን ቅዳሜ አይመልስም፤ እናቱ የሰሙትንም አይለውጥም። እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ላጽናናህ አላለም።

"ልጆች እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"ደህና ናቸው። ያንተስ?"

"ይመስገን።"

ከዚያ የምናወራው አለቀ። ከልጅነታችን ጀምሮ ወሬ አልቆብን አያውቅም ነበር። እሱ ፍርግርጉን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አደረገ።

"ለነገ የተቀጠረ ሥራ ነው" አለኝ። "ዞር በል፣ ቀጥታ አትየው። ዓይን ይጎዳል።"

ዞርኩ። ከኋላዬ ብየዳው ጀመረ፤ ፊት ለፊቴ ያለው እርጥብ ግድግዳ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ጃኬቴን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ፌርማታው ወጣሁ።